የጎንደርን ግንብ ፖርቱጋሎች አልሠሩትም

«የፋሲልን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» የሚለው ወሬ ዛሬም በብዙዎች አፍ አለ። ከሆሳዕና ተነሥቶ ጎንደር ድረስ የሚዘልቅ ጎብኚ ይህንኑ ይዞ ሄዶ ይህንኑ ይዞ ሲመለስ ያሳዝነኛል።

ዘመኑን ማየት ብቻ ይበቃል (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዓፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በአገሩ ላይ በመጫናቸው ብዙ ደም ፈሰሰ። ልጃቸው ፋሲለደስ በ1632 ነገሡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ካቶሊክነትን የሰበኩትን ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ከአገር አስወጡ። ጎንደርን የቆረቆሩት ከዚያ በኋላ፣ በ1636 ነው። ያባረሯቸውን ሰዎች ቤተ መንግሥት ሥሩልኝ አሏቸው ማለት አያስኬድም። በግንበኝነት ስሙ የሚነሣው ፔድሮ ፓኤዝም ስፔናዊ ነበር፤ ያረፈው በ1622 ነው።

ታዲያ ማን ሠራው? በ1648 ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ ሐሰን አል-ሐይሚ ቤተ መንግሥቱን በዓይኑ አይቶ፣ ሠሪው ህንዳዊ መሆኑን ጽፏል። ኖራን ለግንብ ማዋልም በሱስንዮስ ዘመን ከህንድ በመጣ ሰው መጀመሩን ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው መዝግበዋል። ጠጋ ብላችሁ እዩት፦ ግድግዳው ጠቆር ያለ የአገር ድንጋይ፣ የመስኮቶቹ ቅስት ቀላ ያለ ድንጋይ፣ በማዕዘኖቹ ላይ እንቁላል የመሰሉ ጉልላቶች። አሳቡና ትእዛዙ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው።

ወሬው ግን ከባዶ አልተነሣም፤ ፖርቱጋሎች በእርግጥ መጥተዋል። መጀመሪያ ያስጠሯቸውም የሐዲያ ልጅ ናቸው፦ የገራድ መሐመድ ልጅ እቴጌ እሌኒ። ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩት እሳቸው ሲሆኑ፣ 1514 ላይ ሊዝበን ገብቷል። አራት መቶ ያህሉ ነፍጠኞች የደረሱት በ1541 ነው፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቀድሞ። የሆሳዕና መምህራን ይህን ታሪክ ከእሌኒ ቢጀምሩት እወዳለሁ።

ግቢው ሁሉ የፋሲል ነው የሚሉም አሉ። ዮሐንስ ቀዳማዊ፣ ኢያሱ፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጨምረውበታል።

«እርጅና አፈረሰው» የሚለውም ጎደሎ ነው። የኢያሱን ቤተ መንግሥት በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል። ጣሊያኖች ግቢውን ጽሕፈት ቤት አድርገውት ስለነበር በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት። ዛሬ ጎብኚ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰማይ የሚያይበት የኢያሱ አዳራሽ ጣሪያውን ያጣው እንዲህ ነው።