የጨረር መሣሪያውና የወረፋው ሂሳብ

ከካንሰር ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ በሕክምናቸው ሂደት በአንድ ወቅት የጨረር ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ባለሙያዎች ይስማማሉ። በኢትዮጵያ ግን ይህን አገልግሎት ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ብቻውን ሲሰጥ የቆየው በአዲስ አበባ የሚገኘው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ሥራ ሲጀምር የተከለው ኮባልት 60 በተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራ መሣሪያ ነበር። ፍላጎቱ ከአቅርቦቱ እጅግ በመብለጡ ወረፋው በወራት የሚቆጠር ሆነ። ዕጢው ግን ተራ አይጠብቅም። ሊድን ይችል የነበረ ሕመም በወረፋ ላይ እያለ ወደማይድንበት ደረጃ ሊሸጋገር ይችላል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሊኒየር አክስለሬተር የተባለው ዘመናዊ መሣሪያ በጥቁር አንበሳ፣ ከአዲስ አበባ ውጭም በጅማ ሥራ ጀምሯል። መሣሪያው የተሻለ መሆኑ አያከራክርም። ከገበያ አንጻር ሲታይ ዋናው ጥያቄ፣ የወጣበት ገንዘብ ወረፋውን ምን ያህል ያሳጥራል? የሚለው ነው።

አሮጌውና አዲሱ

የኮባልት መሣሪያ ጠንካራና ለአሠራር ቀላል ነው። የመብራት መቆራረጥንም በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል። ይሁን እንጂ ውስጡ ያለው ኮባልት በየዓመቱ 12 በመቶ ያህል ኃይሉን እያጣ፣ በ5.27 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። በመሆኑም አዲስ ሳለ በ2 ደቂቃ ይሰጥ የነበረው ጨረር 4 ደቂቃ ይፈጃል። ኮባልቱ በወቅቱ ካልተተካ መሣሪያው ሳይበላሽ በቀን የሚያስተናግደው ሕመምተኛ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል ማለት ነው።

ሊኒየር አክስለሬተር በአንጻሩ ጨረሩን የሚያመነጨው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ሲጠፋ ጨረሩም ይቆማል። በመሣሪያው አፍ ላይ ያሉ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች በኮምፒዩተር ትእዛዝ እየተንቀሳቀሱ ጨረሩን በዕጢው ቅርጽ ይቀርጹታል። አይ.ኤም.አር.ቲ. በሚባለው ዘዴ ደግሞ የጨረሩ መጠን ከቦታ ቦታ እየተለዋወጠ፣ ዕጢው ብዙ ሲያገኝ አጠገቡ ያለው ጤነኛ አካል እንዲተርፍ ይደረጋል።

ትክክለኛነት ወደ ቀን ሲመነዘር

ጤነኛው አካል በተሻለ ሁኔታ ከተጠበቀ በአንድ ቀን የሚሰጠውን መጠን ከፍ ማድረግና የሕክምናውን ቀናት መቀነስ ይቻላል። በብሪታንያ የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ቺፕ የተባለ ጥናት፣ ለፕሮስቴት ካንሰር 37 ጊዜ ይሰጥ የነበረው ጨረር በአይ.ኤም.አር.ቲ. 20 ጊዜ ቢሰጥ ውጤቱ እንደማያንስ አሳይቷል። የጡት ካንሰርን በተመለከተ በዚያው አገር ቀደም ሲል በተደረጉ ጥናቶች 25 ጊዜ የነበረው ወደ 15 ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ፋስት ፎርዋርድ ጥናት ደግሞ ለብዙዎቹ 5 ጊዜ ብቻ በቂ መሆኑን አረጋግጧል።

ለማነጻጸር ያህል፣ አንድ መሣሪያ በቀን 8 ሰዓት ሠርቶ ለአንድ ሕመምተኛ 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ በቀን 32 ሰው ያስተናግዳል። በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 50 ሳምንት ቢሠራ 8,000 ጊዜ አገልግሎት ይሰጣል። እያንዳንዱ ሕመምተኛ 25 ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ በዓመት የሚታከሙት 320 ናቸው። 15 ጊዜ ከሆነ 533፣ 5 ጊዜ ከሆነ ደግሞ 1,600 ይደርሳሉ። ሌላ መሣሪያ ሳይገዛ አቅርቦቱ አደገ ማለት ነው።

ትርፉ የሆስፒታሉ ብቻ አይደለም። ከክፍለ ሀገር የመጣ ሕመምተኛ ከአስታማሚው ጋር 5 ሳምንት ሲቀመጥ የቤት ኪራይና የቀለብ ወጪ አለበት፤ እርሻው ወይም ሱቁም ያለ ሰው ይቆያል። ይህ ወጪ በሆስፒታሉ ደረሰኝ ላይ ባይታይም፣ ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛው ሕክምናውን አቋርጦ እንዲሄድ የሚያደርገው እርሱ ነው።

እርግጥ ሂሳቡ ለሁሉም ሕመም አይሠራም። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር ዛሬም በአብዛኛው 25 ጊዜ ያህል ከውጭ የሚሰጥ ጨረር፣ በተጨማሪም ከውስጥ የሚሰጥ ጨረር ያስፈልገዋል። ሆኖም የጡትና የፕሮስቴት ሕመምተኞች ፈጥነው ሲወጡ የሚለቀቀው ሰዓት ለእነዚህ ይተርፋል።

ከግዢው በኋላ

መሣሪያው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ያወጣል፤ የሚቀመጥበት ክፍልም ከአንድ ሜትር የሚወፍር የኮንክሪት ግድግዳ ይፈልጋል። ይህ ግን የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። ከዚያ በኋላ የማይቋረጥ መብራት፣ ማቀዝቀዣ፣ የጥገና ውልና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መለዋወጫ ያስፈልጋል። የእያንዳንዱን ሕመምተኛ የጨረር ዕቅድ የሚያወጡና የሚፈትሹ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ከሌሉ ደግሞ አይ.ኤም.አር.ቲ. ስሙ ብቻ ይቀራል።

ከላይ በተሰላው መሠረት መሣሪያው ለ10 የሥራ ቀናት ቢቆም 320 አገልግሎት ይባክናል። ይህም 5 ጊዜ የሚታከሙ 64 ሕመምተኞች ተራ ነው። ጀምረው ያቋረጡትም ይጎዳሉ፤ በክፍተቱ ዕጢው እንደገና ሊያድግ ይችላልና። አንድ መለዋወጫ ኤል.ሲ. እስኪከፈትለት የሚጠብቅበት ጊዜ የሚከፈለው በዶላር ብቻ አይደለም።

ስለዚህ አዲስ መሣሪያ የሚተክል ሆስፒታል በምረቃው ዕለት ሊጠየቅ የሚገባው ስለ መሣሪያው ዓይነት ብቻ መሆን የለበትም። የጥገና ውሉ ለስንት ዓመት እንደሆነ፣ ስንት የፊዚክስ ባለሙያ እንዳለው፣ በዓመት ስንት ቀን ሳይቋረጥ እንደሚሠራም ሊጠየቅ ይገባል። ወረፋው የሚያጥረው በእነዚህ መልሶች ልክ ነው።