ስለ ኬሚስትሪ ትምህርትና ከርሱ ስለሚገኘው ሥራ

አንድ ወጣት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጽሞ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት በሚሰናዳበት ጊዜ፥ ወላጆቹም ሆኑ የአገሩ ሹማምንት አብዛኛውን ጊዜ የሚመክሩት ሐኪም ወይም መሐንዲስ ወይም ዳኛ እንዲሆን ነው። ሐኪሙ በሽተኛ ሲፈውስ፥ መሐንዲሱ ድልድይ ሲሠራ፥ ዳኛው ፍርድ ሲሰጥ በዓይን ይታያልና ምክሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ኬሚስትሪ የሚማር ሰው ግን ምን ሠርቶ እንደሚኖር፥ ለአገሩም ምን እንደሚጠቅም በግልጽ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህም በየወረዳው ለዚህ ትምህርት ተሰጥዎ ያላቸው ልጆች ሳይታወቁ ይቀራሉ፤ ተምረው የተመለሱትም ቢሆኑ ዕውቀታቸው በማይፈለግበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ደብዳቤ ሲጽፉ የሚውሉበት ጊዜ አለ። ከዚህ የሚመጣው ጉዳት በእርሻው፥ በውሃውና በፋብሪካው ላይ ስለሚደርስ፥ አገር የማስተዳደር ኀላፊነት ያለበት ሁሉ ነገሩን ማወቅ ይገባዋል።

ኬሚስትሪ ምን ያስተምራል

ኬሚስትሪ ማለት ነገር ሁሉ ከምን ከምን እንደ ተሠራ፥ አንዱም ከሌላው ጋራ በተገናኘ ጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ የሚመረምር ትምህርት ነው። ሥራው ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። ብቅል በጌሾ ጠላ ሲሆን፥ ጥሬ ቆዳ ለፍቶ የማይበሰብስ ሲሆን፥ የኖራ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ ለግንብ ሲውል፥ ይህ ሁሉ የኬሚስትሪ ሥራ ነው። ጠማቂዋና ቆዳ ፋቂው ይህን በእጅ ልምድ ያውቁታል፤ ዩኒቨርሲቲው የሚጨምርበት ምክንያቱንና ልኩን ነው።

ተማሪው በዩኒቨርሲቲ በሚቈይበት ዘመን የሚማራቸው ዋና ዋና ክፍሎች አራት ናቸው። አንደኛው ስለ ማዕድናትና ስለ ጨዎች፥ ሁለተኛው ከእንስሳና ከዕፅ ስለሚገኙት ካርቦን ስላለባቸው ነገሮች፥ ሦስተኛው ሙቀትና ኀይል በለውጡ ላይ ስላላቸው ሥልጣን፥ አራተኛውም በአንድ ነገር ውስጥ ያለውን እየለዩ መጠኑን ስለ መለካት ያስተምራል። ከነዚህም ጋራ ሒሳብና ፊዚክስ ይማራል። ይሁን እንጂ ትምህርቱ በመጽሐፍ ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ተማሪው በቤተ ሙከራ ቆሞ በገዛ እጁ መመዘን፥ ማጣራት፥ ማንጠር፥ ያየውንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ በመዝገብ መጻፍ አለበት።

የሊቢግ ቤተ ሙከራ

ይህ የአስተማሪነት ሥርዓት በሰፊው የታወቀው በጀርመን አገር፥ ጊሰን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዩስቱስ ሊቢግ በ1803 በዳርምሽታት ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ቀለምና ቅመም የሚሸጥ ነጋዴ ነበረ። ልጁ ለዚህ ትምህርት ያለውን ተሰጥዎ መምህሩ ስለ መሰከረለት፥ የሄሰን ታላቅ መስፍን ሉድቪግ ከመንግሥት ገንዘብ ድርጎ ቈርጦለት ወደ ፓሪስ ተላከ። ሲመለስም በ1824 ገና የ21 ዓመት ጐልማሳ ሳለ በጊሰን ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። ለቤተ ሙከራ የተሰጠው ቤት ቀድሞ የወታደር ዘበኞች ቤት የነበረ ነው። በዚያ ቤት ግን ከብዙ አገር የመጡ ወጣቶች ተማሩ። ለአንድ ነጋዴ ልጅ የተቈረጠው ድርጎ ስንት እጥፍ ሆኖ እንደ ተመለሰ ከዚህ ይታያል።

ከዚያ ቤት የወጡት ተማሪዎች ሁሉ አንድ ሥራ አልያዙም። ኦገስት ኬኩሌ የቤት አሠራር ንድፍ ለመማር መጥቶ ሳለ የሊቢግን ትምህርት ሰምቶ አሳቡን ለወጠ፥ በኋላም ታላቅ መምህር ሆነ። ኦገስት ሆፍማን በ1845 ወደ ሎንዶን ሄዶ አስተማሪ ሆነ፤ የርሱ ተማሪ ዊልያም ፐርኪን በ1856 የ18 ዓመት ልጅ ሳለ የወባ መድኃኒት ሲፈልግ ሐምራዊ ቀለም አገኘ፥ ከዚያም ሰው ሠራሽ ቀለም የሚያወጣ ትልቅ ኢንዱስትሪ ተነሣ። ሬሚጊዩስ ፍሬሴኒዩስ በ1848 በቪስባደን የመመርመሪያ ቤት አቋቋመ። ጆሴፍ ሄንሪ ጊልበርት ደግሞ ወደ እርሻ ሄደ።

ሊቢግ ራሱ በ1840 ኬሚስትሪ ለእርሻ ስለሚሰጠው ጥቅም መጽሐፍ አሳተመ። በርሱም አዝመራው ከዐፈር የሚወስደው ማዕድን ካልተመለሰለት መሬቱ እየደኸየ እንደሚሄድ አስረዳ። ከርሱ አስቀድሞ ካርል ሽፕሬንግል የጻፈውንም ሕግ በዓለም አሳወቀው፤ ይኸውም የአዝመራውን መጠን የሚወስነው ከሁሉ ይልቅ የጐደለው ምግብ ነው የሚል ነው። ወጥ ጨው ቢጐድለው ቅቤ በመጨመር እንደማይጣፍጥ፥ መሬትም የጐደለው ሳይታወቅ ሌላውን ቢያበዙለት አይሰጥም።

ባለ መሬቱና ኬሚስቱ

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ጆን ቤኔት ሎዝ የሚባል ባለ መሬት ሮታምስቴድ በሚባል ርስቱ ተቀምጦ ያርስ ነበር። የተፈጨ አጥንት በአንዱ እርሻ ላይ ሲረባ በሌላው ላይ እንደማይረባ ከጐረቤቱ ሰምቶ ነገሩን ይመረምር ጀመር። አጥንትና ፎስፌት ያለበት ድንጋይ በሰልፈሪክ አሲድ ቢታሽ ሥሩ በቀላሉ የሚቀበለው ማዳበሪያ እንደሚሆን አረጋገጠ፤ በ1842ም ሱፐርፎስፌት ለተባለው ለዚህ ማዳበሪያ የባለቤትነት መብት አገኘ። ነገር ግን ሙከራውን ብቻውን ሊፈጽመው እንደማይችል ስለ ተረዳ፥ በ1843 ከሊቢግ ዘንድ የተማረውን ጊልበርትን ቀጠረ። ሁለቱም ሎዝ በ1900 እስኪሞት ድረስ 57 ዓመት አብረው ሠሩ።

ብሮድባልክ በሚባለው ማሳ ላይ በ1843 ስንዴ ዘሩ። ማሳውን በረድፍ ከፍለው አንዱን ያለ ማዳበሪያ ተዉት፥ ለአንዱ ፍግ፥ ለሌሎቹም ልዩ ልዩ ማዳበሪያ ሰጡ፤ ምርቱንም በየዓመቱ እየመዘኑ ጻፉ። ይህ ሙከራ እስከ ዛሬ አልተቋረጠም። ከጥንት የተጠራቀመው የዐፈርና የእህል ናሙናም በዕቃ ታሽጎ ተቀምጦ ለአዲስ ምርመራ ያገለግላል። ሎዝም ሥራው ከርሱ በኋላ እንዳይቀር በማሰብ በ1889 አንድ መቶ ሺህ የእንግሊዝ ፓውንድ መደበለት።

ከዚህ ማሳ የተገኘው ውጤት ታላቁን መምህር እስከ ማረም ደረሰ። ሊቢግ እህል የሚያስፈልገውን ናይትሮጅን ከአየር በበቂ ያገኛል ብሎ ያምን ነበር፤ በ1845 ያወጣው ማዳበሪያም በዝናብ እንዳይታጠብ ተብሎ በውሃ የማይሟሟ ሆኖ ስለ ተሠራ ገበሬዎቹን አልረባቸውም። የሎዝና የጊልበርት ሚዛን ግን ስንዴ ናይትሮጅን ካልተሰጠው ምርቱ እንደሚያንስ በግልጽ አሳየ። ሊቢግ የሠራው ቤተ ሙከራ ብዙ ሊቃውንት አውጥቷል፤ ስሕተቱን ያገኘው ግን ከዚያው ቤት ወጥቶ በማሳ ላይ የቆመው ተማሪ ነው። ስለዚህ ኬሚስት ከእርሻ መራቅ የለበትም፥ ባለ መሬትም ከኬሚስት መራቅ የለበትም።

ናይትሮጅኑን ከአየር የማውጣቱን ጥበብ ደግሞ ፍሪትዝ ሃበር በ1909 በካርልስሩኸ አገኘው፤ ካርል ቦሽም ወደ ፋብሪካ ሥራ ለውጦት በ1913 ኦፓው ላይ አሞኒያ በብዛት ይወጣ ጀመር። ዛሬ ገበሬው የሚገዛው ዩሪያ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ የሚመገበው በዚህ ማዳበሪያ በበቀለ እህል ነው። ይኸው ሃበር በ1915 በጦር ሜዳ የመርዝ ጋዝ እንዲነፋ ስላደረገ፥ ይህን ዕውቀት የሚማር ወጣት ከትምህርቱ ጋራ ግብረ ገብነትም ሊኖረው እንደሚገባ ታሪኩ ያስተምራል።

የኢትዮጵያ መሬት ስለሚጠይቀው

በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ፥ ይልቁንም ዝናብ በሚበዛበት በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ ክፍል፥ ብዙው ዐፈር አሲዳማ ሆኗል። ከሚታረሰው መሬት አርባ በመቶ የሚያህለው በዚህ ችግር የተነካ እንደ ሆነ ይነገራል። ምክንያቱም የረጅም ዘመን ዝናብ በዐፈሩ ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም አጥቦ ስለ ወሰደው ነው። ዐፈሩ አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ያቀጭጨዋል፤ ፎስፎረሱም ታስሮ ይቀራል። ገበሬው ተበድሮ የገዛውን ማዳበሪያ በዚህ መሬት ላይ ቢበትነው ገንዘቡን በከንቱ እንደ ጣለ ይቈጠራል። መድኃኒቱ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ማሳ ስንት ኩንታል እንደሚበቃው በዓይን ታይቶ አይታወቅም፥ ዐፈሩ መመርመር አለበት። ከ2012 ጀምሮ በየወረዳው ዐፈር እየተሰበሰበ በተመረመረ ጊዜም፥ በብዙ ስፍራ ከናይትሮጅንና ከፎስፎረስ ሌላ ድኝ፥ ቦሮንና ዚንክ ጭምር እንደሚጐድል ተገኝቷል።

ከዚህ ትምህርት የሚገኘው ሥራ

እንግዲህ በኬሚስትሪ የተመረቀ ሰው በመጀመሪያ የሚፈለገው በዐፈርና በማዳበሪያ ምርመራ ነው። ሁለተኛው ሥራ የውሃ ምርመራ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከሚቈፈሩት ጕድጓዶች ብዙዎቹ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ከመጠን በላይ አለባቸው። ውሃው ጥሩ መስሎ ይታያል፥ ሽታም ጣዕምም አይለወጥበትም፤ ነገር ግን በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ያለፈ እንደ ሆነ ለመጠጥ እንዳይውል የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፥ መጠኑ እየበዛ ሲሄድም የልጆቹን ጥርስ ያበላሻል፥ በረጅም ዘመን አጥንትን ያጐብጣል። ጕድጓዱ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት አንድ ኬሚስት ቢመረምረው የብዙ ቤተ ሰብ ጤና ይጠበቃል።

ሦስተኛው በፋብሪካ ያለው ሥራ ነው። በ1954 በወንጂ ስኳር መሠራት ከጀመረ ወዲህ የሸንኮራውን ጭማቂ ጣፋጭነት የሚለካና በኖራ የማጥራቱን ሥራ የሚቈጣጠር ኬሚስት ያስፈልጋል። በሞጆ ባሉት የቆዳ ፋብሪካዎች ቆዳው በክሮም ሲለፋ ልኩን የሚጠብቅ፥ እጣቢውም ሳይጣራ ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ የሚያደርግ እርሱ ነው። ሲሚንቶ፥ ቢራ፥ ሳሙና፥ ቀለምና መድኃኒት የሚሠሩ ሁሉ ያለ ኬሚስት ሊሠሩ አይችሉም።

አራተኛው የመድኃኒት ፍለጋ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ሴቶች ልብሳቸውን በእንዶድ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ፥ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች እንዶድ እንደሚገድላቸው አረጋገጠ። ገዳዩን ነገር ከፍሬው ለይቶ ማውጣት ግን የኬሚስትሪ ሥራ ነበረ። የአገር ቤት ልምድ ከትምህርት ጋራ ሲገናኝ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይህ ያስረዳል። ከነዚህም ሌላ የምግብና የመድኃኒት ቍጥጥር፥ የጉምሩክ ዕቃ ምርመራ፥ ለወንጀል የሚደረግ ምርመራና ከሁሉ በላይ አስተማሪነት አሉ፤ አስተማሪ ከሌለ ሌሎቹ አይገኙምና።

የአስተዳዳሪው ድርሻ

የወረዳው አስተዳዳሪና ባለ መሬቱ ሊያደርጉት የሚገባው ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። መጀመሪያ፥ በሒሳብ የበረቱትንና በሥራ ታጋሽ የሆኑትን ወንዶችና ሴቶች ልጆች ከትምህርት ቤቱ እየጠየቁ መምረጥና መርዳት ነው። ሁለተኛ፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውሃ ያለው የሙከራ ክፍልና ትክክለኛ ሚዛን እንዲኖረው ማሰብ ነው።

ሦስተኛ፥ ለምርመራ የሚላከው ዐፈር በደንብ እንዲወሰድ ማዘዝ ነው። ዐፈሩ ከማሳው ከብዙ ቦታ፥ ሃያ ሳንቲሜትር ያህል እየተቈፈረ ይወሰድና በንጹሕ ዕቃ ተደባልቆ ከርሱ ጥቂቱ ይላካል፤ ፍግ ከተከመረበት፥ ከዛፍ ሥር፥ ከኵይሳና ከመንገድ ዳር አይወሰድም። የቀዩ ዐፈርና የዋልካው ለየብቻ ይሁን፤ የባለ ማሳው ስም፥ ቀበሌውና ቀኑ ይጻፍበት። አላግባብ የተወሰደ ዐፈር ያለውን መርማሪ ሁሉ ያሳስታል። ማዳበሪያ በሚሰጥበትም ጊዜ እንደ ሎዝ አንድ ረድፍ ያለ ማዳበሪያ ቢተው፥ ጥቅሙና ጉዳቱ በመከር ጊዜ ለሁሉ ይታያል።

አራተኛውና ዋነኛው፥ ተምሮ የመጣውን ኬሚስት በሙያው ማሠራት ነው። መመርመሪያ መድኃኒቱ አልቆ ሳይገዛለት፥ መብራቱና ውሃው ተቋርጦ ሳይመለስለት፥ ቤተ ሙከራ አለን ማለት ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ይሆናል። አራት ዓመት የተማረበት ዕውቀት በደብዳቤ መዝገብ ላይ ቢያልቅ፥ የሚጐዳው ሠራተኛው ብቻ ሳይሆን የማሳው ባለቤትም ጭምር ነው።

ገበሬው መሬቱ ለምን እንዳልሰጠው ይጠይቃል፤ መልሱን የሚያገኝለት በቤተ ሙከራ ያለው ሰው ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው ግን በመካከላቸው ያለው አስተዳዳሪ ስለ ሆነ፥ ከመጪው ክረምት በፊት በወረዳው ውስጥ የትኛው ማሳ እንዲመረመር፥ የትኛውም ልጅ ለዚህ ትምህርት እንዲላክ ከአሁኑ ቢያስብበት ሥራው በጊዜው ይደርሳል።