“ተመስገን፣ ደህና ነኝ” መለኪያ አይደለም፦ የደከመን ክንድ በስልክ ቪዲዮ መከታተል

ስልካችሁ ላይ ያለው ካሜራ ብዙ ሥራ ይሠራል። ሠርግ ይቀርጻል፣ ደብተር ፎቶ ያነሳል፣ ቲክቶክ ላይ ያስጨፍራል። አንድ ሥራው ግን ብዙም አይወራለትም፦ በስትሮክ የደከመ ክንድ ከሳምንት ሳምንት ምን ያህል እንደተሻሻለ ለመለካት ይረዳል።

ስትሮክ የሚባለው ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው ሕመም ነው። የአንጎል የግራ ክፍል ከተጎዳ ቀኝ እጅና እግር ይደክማል፤ የቀኙ ከተጎዳ ደግሞ ግራው። ፈጣኑ ለውጥ በአብዛኛው የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ብዙ ታማሚ ደግሞ አብዛኛውን የዚህን ጊዜ የሚያሳልፈው ቤቱ ነው።

አሁን ይምርሐነ ክርስቶስን አስቡ። ዋሻ ውስጥ የታነጸው ይህ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ከላሊበላ ከተማ በመኪና መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ዙሪያው የላስታ ዳገትና ቁልቁለት ነው። እዚያ አካባቢ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ግማሽ አካላቸው ቢደክም፣ ላሊበላ መድረሱ ራሱ ትልቅ ጉዞ ነው፤ ወልድያና ደሴማ ይብሳል። ስለዚህ ባለሙያ ጋር ቶሎ ቶሎ አይመለሱም። ሲመለሱም “እንዴት ነው አባባ፣ ለውጥ አለ?” ይባላሉ። መልሱ የታወቀ ነው፦ “ተመስገን፣ ደህና ነኝ።” የጨዋ መልስ ነው፤ ክንዱ የት እንደደረሰ ግን አይናገርም።

ባለሙያዎች የራሳቸው መለኪያ አላቸው። በጣም ከታወቁት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1975 ስዊድን ውስጥ አክሴል ፉግል-ማየርና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ 0፣ 1 ወይም 2 ይሰጠዋል፤ የክንድና የእጅ ሙሉ ውጤት 66 ነው። አንዱ ፈተና ዓይንን ጨፍኖ፣ እጅን ከጉልበት እያነሱ በጣት አፍንጫን አምስት ጊዜ በፍጥነት መንካት ነው። የደከመው እጅ ከጤነኛው በ6 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከዘገየ በፍጥነት በኩል 0 ያገኛል። ልዩነቱ ከ2 ሰከንድ ካነሰ ደግሞ 2 ይሰጠዋል። ሰከንድ መቁጠር እንግዲህ ለስልክ ምንም አይደለም።

ማዕዘንስ? እሱንም ይችላል። የጉግልን ሚዲያፓይፕ የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ቪዲዮው ውስጥ ያለውን ሰው አይተው ሰውነቱ ላይ 33 ነጥቦች ያስቀምጣሉ። ትከሻ፣ ክርንና የእጅ አንጓ ሦስት ነጥቦች ናቸው፤ ሦስት ነጥብ ካለ ማዕዘን አለ። ትምህርት ቤት የተማርነው ጂኦሜትሪ ማለት ነው። ስልክ በተለምዶ በሰከንድ 30 ምስል ስለሚቀርጽ፣ የ10 ሰከንድ ቪዲዮ 300 ምስል ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ክርኑ ስንት ዲግሪ እንደተዘረጋ፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ፣ መሐል ላይ ስንቴ እንደቆመ ይሰላል። ፕሮግራሙ አንዴ ከተጫነ ስሌቱን ያለ ኢንተርኔት እዚያው ስልኩ ላይ መሥራት ይቻላል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት ለኖረው የአማራ ክልል ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ከሌላችሁም ቪዲዮው ብቻውን ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል። ዋናው ነገር ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ መቅረጽ ነው። ስልኩን በእጅ አትያዙት፤ መደብ ወይም በርጩማ ላይ አስደግፉት። ስልኩ የቆመበትንና ታማሚው የተቀመጡበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ በሚቀጥለው ሳምንትም እዚያው። ጀርባቸውን ለበሩ ከሰጡ ብርሃኑ ከኋላ መጥቶ ጥላ ብቻ ይቀረጻል፤ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ ያዙሩ። ጋቢው ይውለቅ፤ ክርኑን ከሸፈነው ስልኩም ባለሙያውም አያዩትም።

ከዚያ መጀመሪያ ጤነኛው እጅ፣ ቀጥሎ የደከመው። ክንድን ወደ ጎን ማንሳት፣ ባዶ ኩባያ ወደ አፍ ማድረስ። የደከመው ቀኝ እጅ ከሆነ ደግሞ ማማተብም ጥሩ ነው፦ ግንባር፣ ደረት፣ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ትከሻ። ትከሻም ክርንም ይሠራሉ፣ እንቅስቃሴውንም ማስተማር አያስፈልግም። ካመማቸው ይቁም። ከሁሉም በላይ የደከመውን ክንድ ጎትታችሁ አታንሱ፤ ትከሻው ሊጎዳ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኩባያው አፍ ስለደረሰ ብቻ ክንዱ ተሻለ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ክንድ ሲያቅተው ወገብ ይጎነበሳል፣ ትከሻ ወደ ላይ ይነሳል፣ አፍ ወደ ኩባያው ይሄዳል። ስለዚህ እጁን ብቻ አትቅረጹ፤ ከራስ እስከ ጉልበት ይታይ። ስልክም የማያየው ነገር አለ፦ የመጨበጥ ኃይል፣ የመዳሰስ ስሜት፣ ሕመም። በአንድ ካሜራ ደግሞ ወደፊት የተዘረጋ እጅ ርቀቱ በደንብ አይለይም። ባለሙያውን አይተካም፤ የሚያግዘው ግን በሁለት ቀጠሮ መሐል የሆነውን በማሳየት ነው።

ድንገት ፊት ከጣመመ፣ ክንድ ከዛለ ወይም ንግግር ከተኮላተፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ቪዲዮ አትቅረጹ፤ መኪና ፈልጉ። እያንዳንዷ ደቂቃ የአንጎል ዋጋ አላት።

ሌላው የክብር ጉዳይ ነው። ቪዲዮው የታማሚው እንጂ የቀራጩ አይደለም። “አባባ፣ ለሐኪሙ ላሳየው?” ብላችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። የሚያሳዝን ሙዚቃ አስገብቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅማ አይታሰብም። አገራችንም በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አውጥታለች፤ የጤና መረጃ በተለይ ጥንቃቄ ከሚፈልጉት ነው።

ስድስት ሳምንት ሲሞላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቪዲዮ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ለራሳቸው ለታማሚው አሳዩዋቸው። ለውጡ በቀን በቀን ትንሽ ስለሆነ “የኔ ነገር አበቃ” ብለው ልምምዱን የሚተዉ አሉ። ጉልበት ላይ ቀርቶ የነበረ እጅ ደረት ሲደርስ በዓይናቸው ካዩ ግን ነገም ይሞክራሉ። ካልተለወጠም ቪዲዮውን ለፊዚዮቴራፒስቱ ላኩለት፤ ልምምዱ መቀየር ካለበት ቀጠሮው እስኪደርስ አይጠበቅም።