እጅ የሚያንቀጠቅጠው ወባ ብቻ አይደለም

በመስከረምና በጥቅምት ገለጉ በሰው ትሞላለች። ሰሊጡ ደርሷል። ፍሬው ሳይረግፍ መታጨድ አለበት። ስለዚህ ከደጋው ብዙ ሠራተኛ ይወርዳል። እኛ በአካባቢያችን ሳሉግ እንለዋለን። ሳሉግ ቀን ፀሐይ ሲያቃጥለው ይውላል፤ ሌሊት ትንኝ ሲነድፈው ያድራል። ይህን ሁሉ የሚችለው ገንዘብ ይዞ ወደ ልጆቹ ለመመለስ ነው።

ሁሉም ግን አይመለስም። አንዳንዱን ወባ ያስቀረዋል። አንዳንዱን ደግሞ አረቄ ያስቀረዋል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አረቄው ነው።

እስቲ አንድ ሳሉግ እናስብ። የመጀመሪያውን መለኪያ የጠጣው ድካሙ እንዲወጣለት ነው። በሳምንቱ «እታለም፣ እስቲ ድገሚኝ» አለ። በዓመቱ የአጨዳው ገንዘብ አረቄ ቤት አለቀ። ባዶ እጁን ወደ ቤቱ መመለስ አፈረና እዚሁ ቀረ። አሁን ጠዋት ሲነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንድ መለኪያ ሲጠጣ እጁ ይረጋል። ከዚህ ወዲያ የሚጠጣው ለመደሰት ሳይሆን ላለመታመም ነው። ሱስ ማለት ይህ ነው።

ሱስ በሽታ ነው

ብዙዎቻችን «ቢፈልግ ይተወው ነበር» እንላለን። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ድንዛዜውን ለመቋቋም ይታገላል። ትናንት አንድ መለኪያ የበቃው ሰው ዛሬ ሦስት የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ታዲያ መጠጡ በድንገት ሲቀር ምን ይሆናል? በር በኃይል የሚገፋ ሰው በሩ ድንገት ቢከፈት በፊቱ ይደፋል። አንጎልም እንዲሁ ነው።

አረቄና ጠላም አንድ አይደሉም። አረቄ ድፍድፉ እሳት ላይ ተጥዶ፣ እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ የሚጠራቀም ነው። ስለዚህ አልኮሉ ከጠላ እጅግ ይበልጣል። ቢሆንም ጠላም ሱስ ይሆናል። ጫትና ሐሺሽም ሱስ ያስይዛሉ።

አስሮ ማስተው አደገኛ ነው

አንዳንድ ቤተሰብ ሱሰኛውን ቤት ዘግቶበት ያስተወዋል። ይህን የሚያደርገው በፍቅር ነው። ነገር ግን ለብዙ ጊዜ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም ሊሞት ይችላል።

ሕመሙ የሚጀምረው የመጨረሻው መለኪያ ከተጠጣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያስታውከዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በሚቀጥሉት 2 እና 3 ቀናት አንዳንዱ እንደሚጥል በሽታ ይጥለዋል። አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፤ ይቃዣል። ያየ ሰው «ወባ ነው» ይላል። ሌላው «ዛር ነው» ይላል። በዚህ መካከል ሰውየው ያመልጠናል።

ምን እናድርግ?

1ኛ፤ በሽተኛውን ሳንውል ሳናድር ጤና ጣቢያ እንውሰደው። የወባ ምርመራም ይደረግለት። ግን መጠጣቱን አንደብቅ። ምን ያህል እንደሚጠጣና መቼ እንዳቆመ ለጤና ባለሙያው በግልጽ እንንገር።

2ኛ፤ መንቀጥቀጡንና መውደቁን የሚከላከል መድኃኒት አለ። ሐኪሙ መጠኑን ቀን በቀን እየቀነሰ ይሰጠዋል። ቫይታሚንም ይሰጠዋል። ሕመሙ ከበረታ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ። ጸበል የሚሄድም መድኃኒቱን አያቋርጥ።

3ኛ፤ ከሱስ መውጣት የአንድ ሳምንት ሥራ አይደለም። ሰውነቱ ቢጠራም ምኞቱ ይቆያል። የክፍያ ቀን ሲደርስ ወይም የድሮ ጓደኛ ሲጠራው ምኞቱ ይነሣል። ስለዚህ ገንዘቡን ባንክ ያስገባ፣ ወይም ለሚያምነው ሰው ያስቀምጥ። በአረቄ ቤት በኩል አይለፍ።

4ኛ፤ ተመልሶ ቢጠጣ «አበቃለት» አንበል። የወባ በሽታ ቢያገረሽ እንደገና እናሳክማለን እንጂ በሽተኛውን አንሰድብም። ሱስም ያገረሻል። እንደገና ይታከማል።

ብቻውን አይችለውም

በ1927 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ አክሮን በምትባል ከተማ፣ ሁለት የመጠጥ ሱሰኞች ተገናኙ። አንዱ ሐኪም ነበር። ሁለቱም ብቻቸውን ለመተው ሞክረው አቅቷቸው ነበር። እየተገናኙ ችግራቸውን ሲነጋገሩ ግን መተው ቻሉ። ሌሎችን ጠሩ፤ ማኅበር ሆነ። ዛሬ ማኅበሩ በብዙ አገሮች አለ። አባሎቹ «ዛሬን ብቻ አልጠጣም» ይላሉ። ነገ ደግሞ እንደገና «ዛሬን ብቻ» ይላሉ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንል የለም?

ልጆቻችንንም እንጠብቅ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። አረቄ አውጥታ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት ግን መውቀስ ብቻ አይበቃም። ሌላ መተዳደሪያ እንድታገኝ እንርዳት።

ያ ሳሉግ አሁንም ከደጋ የሚጠብቁት ልጆች አሉት። ነገ ጠዋት እጁ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁት «ሰካራም» አትበሉት። «ወንድምዬ፣ ና ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ» በሉት።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁም አንብቡለት።