አራስ ቤትና ጭስ

በፎገራ ሜዳ ዛፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ በብዙ ቤት እንጀራ የሚጋገረው በኩበት ነው። ወደ ጣራ ገዳም ተራራ ጥግ ያሉት ደግሞ እንጨትና ጭራሮ ያነዳሉ። ሁለቱም ይጨሳሉ፤ የኩበቱ ግን ይብሳል።

ጭስ ዓይን ከማስለቀስ ያለፈ ጉዳት የሌለው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን በውስጡ ያሉት ደቃቅ ብናኞች እስከ ሳንባ ጥግ ይዘልቃሉ። የሕፃናት የሳንባ ምች፣ የእናቶች ሥር የሰደደ ሳልና የዓይን ሞራ ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ፣ ከእነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት እንደነበሩ ገምቷል። በነፍሰ ጡር እናት ላይ ሲሆን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ በደሟ ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ጽንሱ ይጎዳል፤ ክብደቱ አንሶ ሊወለድም ይችላል።

እኛን አዋላጆችን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን አራስ ቤት ነው። በክርስቲያኑ ቤት ሕፃኑ ክርስትና እስኪነሣ፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ እናት ከቤት አትርቅም። ምች እንዳይመታት፣ ብርድ እንዳይገባት ተብሎ በሩም መስኮቱም ይዘጋል። ገንፎው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ለእናቲቱ ክብር የሚደረግ ነውና ልማዱን አንነቅፍም። ሆኖም ያ ሁሉ ጭስ የሚገባው መተንፈስ ገና በጀመረ ሳንባ ውስጥ ነው። ገንፎውም ቡናውም በሌላ ጓዳ ወይም በደጅ ተሠርቶ ይግባላት።

ከሰል ደግሞ ያታልላል። ፍም ከሆነ በኋላ ጭስ የለውም፤ ያንኑ ጋዝ ግን በብዛት ያወጣል፤ ጋዙም ሽታ የለውም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አስገብቶ መተኛት ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከተሰማ፣ በተለይ በቤቱ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜ ከታመሙ፣ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ከመቁረጥ በፊት በሩን ከፍቶ ሁሉንም ወደ ደጅ ማውጣት፣ ከዚያም በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ታዲያ ሕፃኑ በምን ይሙቅ? ራቁቱን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ታቅፎ ጋቢ ይደረብበት፤ ራሱ በቆብ ይሸፈን፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ገላው አይታጠብ። ትንኝ ያባርራል ተብሎም ጭስ አይጨስ፤ ለወባ መከላከያው አጎበር ነው።

ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የጭስ መውጫ ከሌለው ግን የሚወጣው ጭስ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ምድጃ መግዛት ያልቻለ ማብሰያውን ከመኝታው ይለይ፣ ኩበቱን በደንብ ያድርቅ፣ ከጣሪያው ሥር ፊት ለፊት ሁለት ቀዳዳ ይክፈት። ይህ የአባወራው ሥራ ነውና ጽሑፉ ይነበብለት።

ስትጋግሩ ሕፃን አትዘሉ፤ በጀርባችሁ ያለው ጭሱን እኩል ይተነፍሳል። ልጅ በልጅ ላይ ሲደራረብ አንዱ በጀርባ፣ ሌላው በእሳቱ ዳር ይሆናል። ስለ ማራራቅ ልትጠይቁ ስትመጡ ስለ ምድጃችሁ የምንጠይቃችሁም ለዚህ ነው።