ጳጉሜን የማያውቀው ኤክሴል

አንድ የመድኃኒት መደብር የሽያጭ መዝገብ ላይ «3/13/2016» የሚል ቀን ሰፍሯል እንበል። ለመዝጋቢዋ ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024። በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ የተስተካከለ ኤክሴል ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ማርች 13 ቀን 2016 አድርጎ ይወስደዋል። ሽያጩ ስምንት ዓመት ተኩል ገደማ ወደ ኋላ ተወረወረ ማለት ነው። እዚያው ዓምድ ላይ ያለው የጥቅምቱ «15/2/2016» ደግሞ ዐሥራ አምስተኛ ወር ስለሌለ ከቀንነት ወጥቶ ተራ ጽሑፍ ይሆናል።

ዳታ አናሊስት መሆን የሚፈልግ ወጣት ብዙ ጊዜ የሚያልመው ባለቀለም ዳሽቦርድ ነው። ሥራው የሚጀምረው ግን እንዲህ ያለው ዓምድ ላይ ነው፤ ቀኑ በማን አቆጣጠር እንደተጻፈ መጠየቅ፣ «ጠዋት 3 ሰዓት» ሲስተሙ ውስጥ 9:00 ሆኖ መግባቱን ማረጋገጥ፣ በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት የተጻፈው መሐመድ አንድ ደንበኛ ይሁን ሦስት መለየት። የአገሩን መዝገብ አመል የሚያውቅ ጀማሪ እዚህ ላይ ከውጭ የመጣውን ባለሙያ ያስከነዳል።

መሣሪያዎቹስ? ከኤክሴል ቀጥሎ ኤስኪውኤልን መያዝ ያዋጣል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ዶናልድ ቼምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ አይቢኤም ውስጥ በ1974 ያስተዋወቁት የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ ነው፤ ዛሬም አላረጀም። ፓይተን ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ስታቲስቲክስን ዘሎ መሣሪያ ላይ መንጠልጠል ግን አያዛልቅም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፍራንሲስ አንስኮምብ እ.ኤ.አ. በ1973 እያንዳንዳቸው ዐሥራ አንድ ጥንድ ቁጥር የያዙ አራት ሠንጠረዦች አዘጋጀ። አማካያቸውም ሆነ የቁጥሮቹ ዝምድና ሲሰላ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል። በግራፍ ሲቀመጡ አንዱ መስመር ይከተላል፣ ሌላው ይጎብጣል፣ ሦስተኛውን አንዲት ያፈነገጠች ነጥብ ታጣምመዋለች፤ የአራተኛው ነጥቦች ከአንዷ በቀር ሽቅብ ተደርድረዋል። ግራፉን ሳያይ ሪፖርት የጻፈ አናሊስት አራቱንም አንድ ነው ብሎ ባሳለፈ ነበር።

ትምህርቱ በነፃም ይገኛል። ኢትዮጵያ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 የጀመረችው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ኮርስ አለው። ችግሩ፣ ያው ሰርተፍኬት በየሲቪው ላይ ሲደጋገም ቀጣሪ አመልካቾቹን በምን ይለይ? በራስ የተሠራ ፕሮጀክት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለምሳሌ የችርቻሮ ዋጋ መረጃ ሰብስቦ «የቅቤና የእንቁላል ዋጋ በዐቢይ ጾም ምን ይሆናል?» ብሎ መነሣት ይቻላል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። የየዓመቱን ሚያዝያ ደምሮ አማካይ ያወጣ ሰው ግን ጾሙን ከፍስኩ ይቀላቅላል፤ ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ትዋልላለችና። ዋጋውን በወር ስም ሳይሆን ከፋሲካ ወደ ኋላና ወደ ፊት በሳምንት እየቆጠረ ያሰለፈ አመልካች ቃለ መጠይቅ ላይ «ለምን እንዲህ አደረግክ?» ሲባል የሚናገረው አያጣም።