ሚዛኑ 11 ኪሎ፣ ሂሳቡ የ25 ኪሎ

ከቤይሩት፣ ከዱባይና ከሪያድ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ የሚልኩ እህቶቻችን ከካርጎ ወኪሎች ጋር ከሚጨቃጨቁባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የኪሎ ጉዳይ ነው። ሚዛን ላይ 11 ኪሎ የመዘነ የብርድ ልብስ ካርቶን በሂሳቡ ላይ 25 ሆኖ ሲመጣ «ተዘረፍን» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን የወር ደመወዛቸውን የሚበላው ብዙዎቻችን በምንጠረጥረው መንገድ አይደለም።

አውሮፕላን የመሸከም አቅሙ ብቻ ሳይሆን ቦታውም ያልቅበታል። ስለዚህ ዕቃው ይመዘናል፣ ይለካልም፤ የሚከፈለው ከሁለቱ በበለጠው ነው። ልኬቱ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሳንቲ ሜትር አባዝቶ ለ6000 ማካፈል ነው። 60 በ50 በ50 የሆነ ካርቶን 150,000 ይመጣል፤ ለ6000 ሲካፈል 25 ኪሎ። (ቤት ድረስ የሚያደርሱት የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ለ5000 ስለሚያካፍሉ እነርሱ ዘንድ 30 ይሆናል።) ካርቶኑ ካበጠ የሚለካው ካበጠበት ላይ ነው። አየሩን አስወጥታ ከፍታውን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ያወረደች እህት ግን የምትከፍለው የ15 ኪሎ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር ከዚህ ይጀምራል። ጎረቤቷ በዚያው ልክ ካርቶን 38 ኪሎ ድስትና ጫማ ብትልክ የምትከፍለው በሚዛኑ፣ የ38 ኪሎ ነው። ለየብቻ ሲላክ ሁለቱ በድምሩ የ63 ኪሎ ይከፍላሉ። በአንድ የጭነት ሰነድ ቢሄድ ግን የሁለቱ ካርቶን ሚዛን 49፣ ልኬቱ 50 ነውና ሂሳቡ የ50 ኪሎ ይሆናል። 13ቱ ኪሎ የት ገባ? የብዙ ሰው ዕቃ ሰብስቦ በአንድ ሰነድ ለአየር መንገዱ የሚያስረክበው ወኪል ኪስ! ሕገ ወጥ አይደለም፤ እንጀራው ነው። ነገር ግን አምስትና ስድስት ሆነው አብረው የሚኖሩ ልጆች ለምን ለየብቻ እንደሚልኩ አይገባንም።

በዚያ ላይ ጭነቱ በበዛ ቁጥር የአንድ ኪሎ ዋጋ ይወርዳል፤ የተለመዱት እርከኖች 45፣ 100፣ 300 እና 500 ኪሎ ናቸው። ለምሳሌ ከ100 በታች በኪሎ 5 ዶላር፣ ከ100 ጀምሮ 4 ዶላር ቢሆን፣ 85 ኪሎ የያዘ ሰው 425 ዶላር ከሚከፍል 100 ኪሎ እንዳለው ተቆጥሮ 400 ቢከፍል ይሻለዋል። በአየር ጭነት አሠራር ይህ የታወቀ ነው፤ ካልጠየቁ ግን ማን ይነግራል? የነዳጅና የደኅንነት ጥበቃ ጭማሪዎችም አሉና ዋጋ ስትጠይቁ ድምሩን ጠይቁ።

ዕቃው ቢጠፋስ? በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የካሣው ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ በኪሎ 26 ኤስዲአር ነው (ኤስዲአር የአይ.ኤም.ኤፍ. የገንዘብ መቁጠሪያ ነው)። የሚታሰበው ግን በጥቅሉ ክብደት ነው። ለ25 ኪሎ የከፈለችው እህታችን ካሣ ስትጠይቅ ወደ 11 ኪሎዋ ትመለሳለች ማለት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ዕቃ የሚልክ ሰው ሲያስረክብ ዋጋውን አስመዝግቦ ጭማሪውን መክፈል ይችላል። በአየር ጭነት ሰነዱ ላይ ሚዛኑና የሚከፈልበት ኪሎ በየራሳቸው ዓምድ ይጻፋሉ፤ ቅጂውን ሳትቀበሉ ከወኪሉ ቢሮ አትውጡ።